ሴባስቶፖልን ተራራ ላይ ያወጡት ንጉሥ፦ የአፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ከመድፉ ጎማ ሥር ሲታይ

ክረምት ላይ ከመሐል ሜዳ ወደ ራቤል፣ ወይም ከዓለም ከተማ ወጣ ብሎ ወዳሉት የመርሐቤቴ ቀበሌዎች በጭነት መኪና የተጓዘ ሰው ይህቺን ትዕይንት በደንብ ያውቃታል። መኪናው ደህና ሲሄድ ቆይቶ የኋላ ጎማው ባዶውን መዞር ይጀምራል። ሹፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ጎማው የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። ረዳቱ ታኮ ይዞ ይወርዳል። ሰው የሌለበት ይመስል የነበረው ሜዳ በትንሽ ደቂቃ ውስጥ በሰው ይሞላል፤ አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ ቅርንጫፍ፣ አንዱ ዶማ ይዞ። ድምፀ ጎላው ያወጣል፣ ሌላው እየተቀበለ ይገፋል። አንዳንዴ መኪናው ይወጣል። አንዳንዴ ጭነቱ ሁሉ በሰው ጀርባ ይወርዳል። አንዳንዴ ደግሞ እዚያው ይታደራል።

በረሃ የሚሠሩ ሹፌሮችን ጠይቋቸው፣ የአሸዋውን ይነግሯችኋል። አሸዋ ጎማን ሲውጥ ነዳጅ መርገጥ ራስን መቅበር ነው። የሚያውቅበት ሹፌር ይወርድና ጎማውን ትንሽ ያስተነፍሰዋል። ጎማው ጠፍጠፍ ሲል ክብደቱ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ያርፋል፣ አሸዋውም ይሸከመዋል። ጭቃም ሆነ አሸዋ ጉዳዩ አንድ ነው፦ ከባድ ነገር፣ ጠባብ ጎማ፣ ለስላሳ መሬት።

አሁን ይሄንኑ ያለ ሞተር አስቡት። 70 ኩንታል የሚጠጋ አንድ ወጥ ነሐስ፣ የእንጨት ጎማ ባለው ሰረገላ ላይ ተጭኖ። የሚጎትተው ሰው ነው። አስፋልት የለም፣ ጠጠር መንገድ የለም፣ መንገድ የሚባል ነገር ራሱ የለም። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ። ስድስት ወር።

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ብዙ ተወርቷል። ስለ ሹሩባቸው፣ ስለ ሽጉጣቸው፣ ስለ መጨረሻዋ ቀን ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተናል። እኛ ዛሬ ሕይወታቸውን በዚያ ጎማ በኩል ልናየው ነው። የንጉሡ ተስፋም ጥፋትም እዚያ ጎማ ሥር ይታያል ብለን ስለምናምን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።)

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የቋራ ገዥ ቤተሰብ ነበር፣ ግን ቀድሞ ሞተ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግራ ኮሶ ትሸጥ ነበር እየተባለ ጠላቶቹ ዕድሜ ልኩን ሰድበውታል። ልጁ ገዳም ገብቶ ተማረ። ገዳሙ በጦር ሲጠቃ ከእልቂቱ ተረፈ፣ ከዚያ የዘመድ ቤት፣ ከዚያ ጫካ። ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ ንጉሥ አለ፣ ግን የሚያዝዘው የለውም። እያንዳንዱ አገር የራሱ ደጃዝማች፣ እያንዳንዱ አምባ የራሱ ጌታ አለው። ሽፍታው ካሣ ከድሀው ጋር በልቶ ከድሀው ጋር ያድር ስለነበር ስሙ ቶሎ ገነነ።

እኛ የምንፈልገው ቦታ ግን 1840 ዓ.ም. ነው። ካሣ በዚያ ዓመት ጦሩን ይዞ በሱዳን በኩል የነበረውን የግብፅ ጦር ሊገጥም ወረደ። ቦታው ደባርቂ ይባላል (ከጎንደሩ ደባርቅ ጋር እንዳታምታቱት)። ካሣ ፈረስና ጀግና ነበረው። ግብፆቹ ደግሞ ምሽግ፣ በሥነ ሥርዓት የሠለጠነ ወታደርና መድፍ ነበራቸው። ጀግናው ጦር ምሽጉ ጋ ሳይደርስ ታጨደ። ካሣ በሕይወቱ እንዲህ ተሸንፎ አያውቅም፣ ትምህርቱንም እስከ መቃብሩ ይዞት ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ጀግንነት ብቻውን እንደማይበቃው ገብቶታል። መድፍ ያስፈልገዋል።

ከዚያ ያለውን ቶሎ እንለፈው፣ ታውቁታላችሁ። የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አገባ፣ ከአማቱ ተጣላ፣ ጎር አምባ ላይ ደጃች ጎሹን፣ አይሻል ላይ ራስ አሊን፣ ደረስጌ ላይ የትግሬውን ደጃች ውቤን አሸነፈ። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ አቡነ ሰላማ ቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ እንላለን።

አፄ ቴዎድሮስ ከተቀቡ በኋላ ብዙም አልተቀመጡም። በዚያው ዓመት ወሎን ወግተው መቅደላ አምባን ያዙ። ከወሎ ቀጥሎ ሸዋ ነው። ካርታ ከፍታችሁ እዩት፦ ከወሎ ደጋ ወደ ሸዋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገኙት ግሼና መንዝ ናቸው። ያ አገር ደግሞ ለወራሪ የሚመች አይደለም። ላዩ ብርዳም ሜዳ ነው፣ ዳሩ ገደል ነው። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ወንጭትና ጀማ መሬቱን እስከ እምብርቱ ሰንጥቀውታል። መርሐቤቴ ከማዶው ጋር ትተያያለች እንጂ በእግር ለመድረስ ቀን ይፈጃል። እንዲህ ያለ አገር ላይ ማንም ንጉሥ ሊመጣ ይችላል፤ ሲሄድ ግን አገሩ ወደ ራሱ ጌታ ይመለሳል።

የሆነውም ይኸው ነበር። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዘመቻው መሃል ታመው ሞቱ። ኅዳር 1848 ዓ.ም. በረከት በሚባለው ቦታ የሸዋ ጦር ተሸነፈ፣ የ11 ዓመቱ ልጅ ምኒልክም ተማረከና ወደ መቅደላ ተወሰደ። ሸዋ ገባች ተባለ። ቴዎድሮስ ፊታቸውን ሲያዞሩ ግን የኃይለ መለኮት ወንድም ሰይፉ ሣህለ ሥላሴ ሸፈቱ፣ ሌላ ዘመቻ አስፈለገ። ቆይቶም የራሳቸው ሹም በዛብህ ንጉሥ ነኝ አለ። ሸዋ ብቻ አይደለም፤ ጎጃም፣ ላስታ፣ ትግራይ፣ ወሎ፣ ሁሉም እንደዚያ ነበር። አንዱን ሲጨብጡት አንዱ ያመልጣል።

በእኛ ግምት ንጉሡ መንገድ መሥራት የጀመሩት ይህ ስለገባቸው ነው። ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ የሚያገናኙ መንገዶች አሠሩ። አሠሩ ስንል ደግሞ ዙፋን ላይ ተቀምጠው አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ፣ ይቆፍሩ ነበር፤ በዓይናቸው ያዩ የውጭ አገር ሰዎች በመገረም ጽፈውታል። ንጉሥ ጀርባው ላይ ድንጋይ ካለ መኳንንቱ እጁን አጣጥፎ ሊቆም አይችልማ። በዘመኑ የእጅ ሥራ የሚናቅበት አገር ላይ ይሄ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ቀጣዩ መድፍ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ ሚሲዮናውያን እዚያ ሰፍረው ነበር፤ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር። የመጡት ወንጌል ይዘው ነው፣ የእጅ ሙያ ግን ነበራቸው። ንጉሡ ወንጌሉን ሳይሆን ሙያውን ፈለጉት። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም፣ አንችልም ለማለትም ሞክረዋል። ንጉሡ ግን አንችልም የሚለውን ቃል የሚሰሙ ሰው አልነበሩም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፣ እንደገና ተሞከረ፣ ተሳካ። ከዚያ ተለቅ ያለ ታዘዘ፤ ከዚያ ደግሞ ከዚያ የተለቀ።

በመሃል ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ጠብ መጣ። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንጉሡ እንደ ንቀት ቆጠሩት፣ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ፣ ሌሎች አውሮፓውያንም ተጨመሩ፣ ሊያስፈታ የመጣው ራሳምም ሳይፈታ ሳያስፈታ እዚያው ቀረ። ደብዳቤ ልኮ መልስ ማጣት ዛሬም ያናድዳል አይደል? ብቻ የእሳቸው ንዴት ሰው ያስር ነበር።

አገር ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተበላሽቶ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ የወሎዋ ወርቂት ዘንድ ገባ፣ እሷም ወደ ሸዋ አሳለፈችው። ቴዎድሮስ በቁጣ ልጇን ከመቅደላ ገደል አስወረወሩት። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፉ፣ አቃጠሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም ሳይቀር። ይህንን ዘለን ስለ መድፉ ብቻ ብናወራ ይቀለን ነበር፣ ግን ልክ አይሆንም። የሰሜን ገበሬ በዚያን ጊዜ ከንጉሡ ወታደር ይሸሽ የነበረው እንዲሁ አልነበረም። በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ጦር በክህደት፣ በበሽታና በሽሽት ሟሟ። ቴዎድሮስ የሚያዝዙት አገር ደብረ ታቦር፣ መቅደላና በመሃሉ ያለው መንገድ ሆኖ ቀረ።

ሴባስቶፖል የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ስሙ ከዓመታት በፊት በክራይሚያ ጦርነት ዓለም ሁሉ ሲያወራላት ከነበረችው የሩሲያ የወደብ ከተማ የተወሰደ ነው። አጭርና ወፍራም፣ አፉ ሰማይ ሰማይ የሚያይ፣ ጥይቱ ሽቅብ ወጥቶ ከላይ የሚወርድ ዓይነት መድፍ ነው። ቀልጦ ሲወጣ 70 ኩንታል ገደማ መዘነ። ለንጉሡ ትልቅ ደስታ ነበር።

ደስታው ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው መጣ፦ ይሄ ነገር በምን ይሄዳል?

መስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሱ። መመለስ የለም ማለት ነው። ከኋላቸው የተረፈው ጦር፣ ሴትና ሕፃን፣ እስረኛ፣ የጋፋት ሠራተኞች፣ በሰረገላ የተጫኑ መድፎችና ከሁሉም የሚከብደው ሴባስቶፖል። መንገዱ በጋይንት አድርጎ ጨጨሆን ወጥቶ፣ ዋድላን አቋርጦ፣ የጅዳን ገደል ወርዶ ወጥቶ፣ ደላንታን አልፎ፣ የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ መቅደላ ነው።

እስቲ ሥራውን እንየው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍርና በገመድ ከፊት ይጎትታሉ። ሰረገላው ለስላሳ አፈር ላይ ሲደርስ ጎማው ይሰምጣል። ወደፊት ሲሳብ ደግሞ አፈሩን ከፊቱ እየገፋ ለራሱ ትንሽ ዳገት ይሠራል። ስለዚህ ጎታቹ ሜዳ ላይ ሆኖም ሁልጊዜ ዳገት ላይ ነው። የዛሬ ሹፌር ጎማውን ያስተነፍሳል፤ የእንጨት ጎማ ግን አይተነፍስም። የዛሬ ረዳት ጭነቱን ያራግፋል፤ መድፉ ግን አንድ ወጥ ነው፣ ግማሹን አውርደህ ግማሹን አትወስደውም። እንግዲህ ጎማው ካልተለወጠ፣ ጭነቱም ካልቀነሰ፣ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መሬቱ። ሰረገላው ከመድረሱ በፊት ድንጋዩ መፈንቀል፣ ጉድጓዱ መሞላት፣ ገደሉ መቆረጥ አለበት። ሴባስቶፖል መንገድ ላይ የሄደ መድፍ አልነበረም። በየቀኑ ከፊቱ መንገድ እየተወለደለት የሄደ መድፍ ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል። ጭነት መኪና የነዳ ሁሉ ያውቀዋል፣ ዳገት ላይ የሚደክም መኪና ቁልቁለት ላይ ይገድላል። 70 ኩንታል አንዴ ከተንደረደረ ፊቱ ያለውን ሰው ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጎታቾቹ ከፊት ወደ ኋላ ይዞራሉ፣ ገመዱን ይዘው ወደ ኋላ እየተወጠሩ ያወርዱታል። ያንን በጅዳ አስቡት፤ ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ 1,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። ጀማን በእግሩ ወርዶ የወጣ የመርሐቤቴ ልጅ ቁጥሩን ሳይሆን ጉልበቱን ያስታውሳል። ጅዳ አልቆ ገና ትንፋሽ ሳይሰበሰብ በሽሎ ይመጣል፤ እሱም እንደዚያው ነው።

ንጉሡ የት ነበሩ? እዚያው። ከማለዳ ጀምሮ ከሠራተኛው ጋር ይቆፍራሉ፣ ድንጋይ ያነሳሉ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥተው ያዝዛሉ። ሰፈሩ ግን ይራባል። ከሰፈሩ ወጣ ያለውን ወታደር ገበሬው ይገድለዋል፣ ጦሩም ገበሬውን ይዘርፋል። ሌሊት ሌሊት የሚከዳው ብዙ ነው። ጎታቹ በየቀኑ ያንሳል፣ መድፉ ግን አይቀንስም።

እንዲህ እየተጎተተ ሳለ ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ምኒልክ፣ ያ ተማርኮ ያደገው የሸዋ ልጅ፣ አሁን የሸዋ ንጉሥ ሆኖ ብዙ ጦር ይዞ መቅደላ ሥር ደረሰ። ባለቤቱ ገና ሩቅ ነው፣ መድፍ ይጎትታል። አምባው ላይ ያለው ጠባቂ ጥቂት ነው። የታሰሩት አውሮፓውያን ልንፈታ ነው ብለው ጓጉ። ምኒልክ ግን ጥቂት ቀን ቆይቶ ሳይዋጋ ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ያን ቀን ምኒልክ አምባውን ቢይዘው ኖሮ ሴባስቶፖል መድረሻ አይኖረውም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ቀይ ባሕር እንውረድ፣ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ሌላ ሰውም ከባድ ነገር እየጎተተ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ክፍል ምፅዋ አጠገብ ዙላ ላይ የወረደው ልክ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር በተነሱበት ወር አካባቢ ነው። አዛዡ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር በኋላ ተከትሎ መጣ። 13,000 ገደማ ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ተከታይ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት ከብት። ዙላ ደግሞ አሸዋ ነው፣ ሙቀት ነው፣ የሚጠጣ ውኃ የለውም። እንግሊዞቹ አሸዋው ላይ ከሰረገላ ጋር አልታገሉም፤ ሐዲድ ዘረጉበትና ባቡር አስኬዱበት። የባሕሩን ውኃ አፍልተው በእንፋሎት እያጣሩ ጠጡ። ተራራው ሲጀምር ትንንሾቹን መድፎች ፈታትተው በበቅሎ ጫኑ። ለከባዶቹ ደግሞ ከሕንድ 44 ዝሆን አምጥተዋል። ዝሆን እግሩ ሰፊ ነው፤ የተነፈሰ ጎማ በሉት።

ልዩነቱን አያችሁት? ናፒየር ሸክሙን በታተነው። ቴዎድሮስ ያላቸውን ኃይል ሁሉ አንድ ነሐስ ውስጥ ሰበሰቡት። እርግጥ ናፒየር የአንድ ትልቅ መንግሥት ገንዘብ ነበረው፣ ቴዎድሮስ ደግሞ የሰው ክንድ ብቻ። ፍርዱን ለማቅለል አንፈልግም። ግን እንደ እኛ እንደ እኛ፣ ንጉሡ ሴባስቶፖልን ጋይንት ላይ ጥለውት ቢሄዱ በሳምንታት ውስጥ መቅደላ ይገቡ ነበር። የተረፈውን ጦር ጅዳ ገደል አፍ ላይ አስቀምጠው፣ ናፒየርን ዝሆኑና በቅሎው ቁልቁለት ላይ ተንጠልጥለው ሳለ ሊጠብቁት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። መድፉ የጦር መሣሪያ ብቻ አልነበረማ። ደባርቂ ላይ ለተሸነፈው ወጣት የተሰጠ መልስ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የተጠበቀ መልስ መንገድ ዳር ተጥሎ አይኬድም።

ከሁሉም የሚቆጨው ቀጥሎ ያለው ነው። ናፒየር ዋድላ ሲደርስ ጅዳ ላይ ምን አገኘ መሰላችሁ? መንገድ። ተቆርጦ፣ ተደልድሎ፣ ለሴባስቶፖል ጎማ እንዲመች ተደርጎ የተሠራ መንገድ። የእንግሊዝ ጦር በዚያ መንገድ ወረደ፣ በዚያው ወጣ፣ መኮንኖቹም እንዴት እንደተሠራ እየተደነቁ ጻፉ። በረሃብ የተቆፈረው መንገድ ጠላትን እስከ መቅደላ በር አደረሰው።

ሴባስቶፖል በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። የመጨረሻውን አቀበት ሲወጣ ንጉሡ ራሳምን አስመጥተው አሳዩት፤ እስረኛ ሆኖ እንኳ የዚህ ሥራ ምስክር እንዲሆን ፈልገዋል። ናፒየር ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዕለተ ስቅለት፣ ከሰዓት በኋላ አሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያው ተጀመረ። ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዘው ቁልቁል ወረዱ። ከላይ ከፋላ የተተኮሱት መድፎች ጥይት በእንግሊዞቹ ጭንቅላት ላይ እያለፈ ሄደ፤ ከትልልቆቹ አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። ሴባስቶፖል ለድካሙ የሚመጥን ምንም ሳይሠራ ቀረ። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር የተባለ አዲስ ጠመንጃ ይዘው ነበር። ሰማዩ ነጎድጓድና ዝናብ ነበረው። ሲመሽ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሞተው፣ ከሺህ በላይ ቆስለው ነበር። ከእንግሊዝ በኩል የቆሰሉት 20 ናቸው፣ ከእነሱም ሁለቱ ሞቱ። ደባርቂ ተደገመ ማለት ነው። ልዩነቱ አሁን ንጉሡም መድፍ ነበራቸው።

ከዚያ በኋላ እስረኞቹን ለቀቁ። እጅ ስጡ ሲባሉ ግን እምቢ አሉ። ሰኞ ሚያዝያ 6፣ የፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዝ ወታደር የመቅደላን በር ሰብሮ ሲገባ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸውን ሽጉጥ ጠጥተው ሞቱ። ዕድሜያቸው 50 ገደማ ነበር።

እንግሊዞቹ የማረኳቸውን መድፎች አፈነዱ፣ አምባውን አቃጠሉ፣ ብራናውን፣ ዘውዱን፣ ታቦቱን ጭነው ተመለሱ። እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከኢትዮጵያ ምድር ሳይወጡ መንገድ ላይ ሞቱ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ18 ዓመቱ ሞተ፣ አፅሙም እስካሁን ዊንድሶር ነው። ከጋፋት ሠራተኞች አንዱ የሆነው የሞሪትስ ሃል ሚስት ደግሞ በዚያ ዓመት መቅደላ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ማግዳሌና ተባለች። ይህቺ ልጅ አድጋ ሁለት ጊዜ ኦስካር የወሰደው የእንግሊዙ ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ አያት ሆናለች። ፊልሞቹን ዩቲዩብ ላይ ፈልጋችሁ እዩ፣ ከጀርባው መቅደላ አለ።

ከመቅደላ ያመለጠው ምኒልክም የራሱ ከባድ ጎማ ነበረው። እሳቸው አፄ ሆነው አዲስ አበባ ላይ ሲቀመጡ ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ከጅቡቲ በኩል በረሃውን አሻግሮ አመጣላቸው። ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር አለው። ቴዎድሮስ ጎማው እንዲሄድ መንገዱን በሰው እጅ ሠሩ፤ ምኒልክ ጋ ደግሞ ጎማው ራሱ መንገድ ሠሪ ሆኖ መጣ።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ስትወርዱ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምታዩት መድፍ ቅጂ ነው። ዋናው እዚያው ደቡብ ወሎ፣ መቅደላ ነው ያለው። ሰረገላው የለም። ጎማዎቹም የሉም። ነሐሱ ብቻ ሣሩ ላይ፣ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ተቀምጧል። ከዚያ ቦታ ያነቃነቀው ሰው የለም።